በ53 ዓመቴ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) መፈተን እችላለሁ? የምታውቁ ንገሩኝ

ሰላም ወገኖች። የስፌት መኪና ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ ዕድሜዬ 53። ሙያውን የለመድኩት መርካቶ፣ ከአንድ አንጋፋ ጠጋኝ እጅ ነው። ኮሌጅ አልገባሁም። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ጋርመንት ፋብሪካ ሠራሁ። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድል) ስትወጣ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ቆየት ብሎም ድርጅቱ ተዘጋ።

አሁን ማስታወቂያ ላይ ሁለት ነገር ይገጥመኛል፦ «ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ» እና «ሲኦሲ ያለው»። የመጀመሪያውን ምንም ላደርገው አልችልም (ማሽኑ ግን ዕድሜዬን ጠይቆኝ አያውቅም!)። ሁለተኛው ላይ እርዱኝ። ኮሌጅ ሳይገቡ በልምድ ብቻ ምዘናው ላይ መቀመጥ እንደሚቻል አውቃለሁ። ችግሩ የሥራ ልምድ ወረቀት የሚጽፍልኝ የለም፤ ቢሮውም ተዘግቷል። ይቆረጥብኝ የነበረው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ መዝገብ እንደ ማስረጃ ይያዝልኛል? የትኛውን ደረጃ ልፈተን?

ሌላው፣ ኦቨርሎክና ሲንግል የሚባሉትን የስፌት መኪናዎች ዐይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥማለሁ። ኤሌክትሮኒክሱ ነው የያዘኝ። አዲሶቹ ሰርቮ ሞተርና ቦርድ አላቸው፤ ስክሪኑ ላይ የብልሽት ኮድ ሲመጣ እደናገራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን በማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምር ታውቃላችሁ? ከልጆቼ እኩዮች ጋር መቀመጡ አያሳፍረኝም።

«ጡረታህን ጠብቅ» ለምትሉኝ፦ መውጫው 60 ነው። በ55 ለመውጣት የ25 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ የግል ድርጅት ጡረታ ደግሞ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ አይሞላልኝም።

በተለይ በእኔ ዕድሜ የተፈተናችሁ ካላችሁ፣ የተግባር ፈተናው ምን ምን እንደሚያሠራ ብትነግሩኝ ውለታችሁ ነው።