በጀቱ የኔ፣ ተውኔቱ የእሳቸው
ከ8 ወር በፊት የአንድ ቲያትር ቡድን ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። የኪነ ጥበብ ዳይሬክተሩ መሥራቹ ናቸው፤ ሁለታችንም ተጠሪነታችን ለቦርዱ ነው። ተውኔት መምረጥ የእሳቸው፣ በጀት የኔ ተብሎ ተጽፏል። ግን ተውኔት መምረጥ ራሱ ወጪ መወሰን ነው፦ ለ4 ተዋንያን በጀት ከጸደቀ በኋላ፣ ልምምዱ መሀል ላይ ሥራው ባለ 11 ተዋናይ ሆነ። እኔ የሰማሁት ከልብስ ሰፊዋ ነው። በየሰኞው የጋራ ስብሰባ ጀመርኩ፤ ሁለቴ መጥተው ቀሩ። ቦርዱ «ተነጋግራችሁ ፍቱት» አለኝ። ላስቀይማቸው አልፈልግም፤ ቡድኑን ለ20 ዓመት አጽንተው ያቆዩት እሳቸው ናቸው፣ የጥበብ ዐይናቸውም ዛሬም አይስትም። በሁለት ሰው አመራር የሠራችሁ፣ ከጸደቀ በጀት በላይ የሚያስወጣ ለውጥ ሲመጣ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ በውላችሁ ላይ እንዴት አሰፈራችሁት?