የፋሲካ ሌሊት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እና በራችን ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ፦ ጀርመን ያላችሁ ምከሩኝ

ጠያቂዋ (ከሽቱትጋርት አቅራቢያ)

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ከባለቤቴ ጋር ከሽቱትጋርት ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ስምንት ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ ቋንቋው ብዙም አያስቸግረኝም። የጎረቤት ነገር ግን ግራ ገብቶኛል።

የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሲያበቃ፣ አብረውን ያስቀደሱትን ወዳጆች ይዘን ወደ ቤት መጣን። 55 ቀን የጾመን ሰው «በሉ ደህና እደሩ» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መሸኘት በእኛ ወግ እንዴት ይሆናል? ዶሮው ቀረበ፣ ጾሙ ተፈታ፣ ቡና ተቆላ። ጭሱ ሲበዛ ኮርኒሱ ላይ ያለው ደወል ጮኸ፤ ሳቁና ጨዋታውም እስኪነጋ ቀጠለ። የፈረንጆቹ ፋሲካ አስቀድሞ ስላለፈ ለጎረቤቶቻችን ተራ እሑድ ነበር። በራችንን ያንኳኳ ግን አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቤት አስተዳዳሪው ድርጅት «አብማኑንግ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። ቀንና ሰዓት ጠቅሶ፣ ነገሩ ከተደገመ ውላችን ሊቋረጥ እንደሚችል ይገልጻል።

ይበልጥ ያመመኝ ሌላ ነው። ደብዳቤው ቅሬታው የቀረበው ከታችኛው ፎቅ መሆኑን ይናገራል፤ እዚያ የሚኖሩት ደግሞ አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው። እኒህ ሰው በማግስቱም ሆነ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አጓድለውብኝ አያውቁም። ሰው እየሳቀ ሰላም ያላትን ጎረቤቱን እንዴት ይከሳል?

እንግዲህ ጥያቄዎቼ፦ ደብዳቤው ከቤት ያስወጣናል? ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ላስጠይቅ? ወጥና እንጀራ ይዤ ብሄድስ? የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር 80 ቀን ስለሚሞላት የክርስትናዋ ድግስ እኛ ቤት ነው የታሰበው፤ እንሰርዘው? ደግሞም ባለፈው ሳምንት በራችን እጀታ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘን። ማስታወቂያ መስሎን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲህ ከፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ ፊቷ ተለዋውጧል።


አስተርጓሚው (ኑርንበርግ)

እህቴ፣ አትደንግጪ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቤት ማስለቀቂያ አይደለም። አደጋ የሚሆነው ከደብዳቤው በኋላ ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም ነው። ያን ጊዜ አከራዩ ይህንኑ ወረቀት ለፍርድ ቤት ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ስለዚህ እንዳትጥይው፣ በወጉ አስቀምጪው።

መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም፤ ዝም ብትዪም እንዳመንሽ አይቆጠርም። ያልሆነ ነገር ከተጻፈ፣ ለምሳሌ «በየሳምንቱ ትረብሻላችሁ» የሚል ከሆነ፣ በጽሑፍ አስተባብዪ። የተጻፈው እውነት ከሆነ ግን ሁለት መስመር ይበቃል፦ ደብዳቤው ደርሶናል፣ የሌሊቱን የጸጥታ ሰዓት እናከብራለን። ስለ ፋሲካና ስለ ጾማችን ለድርጅቱ አትተንትኚ፤ ጉዳያቸው አይደለም።

የሌሊት ጸጥታ በአብዛኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ በእነርሱ ሰዓት ከ22 እስከ 6። እሑድና በዓል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው። መሰርሰሪያ፣ መዶሻ፣ ባዶ ጠርሙስ መወርወሪያው ሣጥን ውስጥ መጣል፣ ሁሉም ይቆያል። ይህ የአንድ ሰው አመል አይምሰልሽ። የእሑድ ዕረፍት እ.ኤ.አ. በ1919 በወጣው የቀድሞው የጀርመን (የቫይማር) ሕገ መንግሥት የተጻፈ ሲሆን፣ በአሁኑ መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 140 በኩል ዛሬም ይሠራል። ሱቆች እሑድ የሚዘጉትም ከዚሁ በመነጨ ነው። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት የሚባለው የቀትር ጸጥታ ግን በሁሉም ቤት የለም፤ የሕንፃችሁን ደንብ አንብቢ። ከኪራይ ውሉ ጋር ተያይዞ የተሰጠሽና ማንም የማያነብበው ወረቀት ነው።

«በዓመት አንድ ጊዜ መጨፈር መብት ነው» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ጀርመኖቹ ራሳቸው የሚያምኑት ተረት ነው እንጂ ሕጉ ውስጥ የለም። ነገሩ ከገፋ በየከተማው «ሚተርፈርአይን» የሚባል የተከራዮች ማኅበር አለ። ዓመታዊ መዋጮ ከፍለሽ አባል ስትሆኚ የሕግ ባለሙያ ደብዳቤሽን ያይልሻል።


የቆየ ነዋሪ (ሽቱትጋርት)

ልጄ፣ ስለ ደብዳቤው ወንድምሽ በሚገባ ነግሮሻል። እኔ የምለምንሽ ያን ሰሌዳ ዛሬውኑ ከመሳቢያ እንድታወጪው ነው!

«ኬርቮኽ» ይባላል፤ የጽዳት ሳምንት ተረኛ ነሽ ማለት ነው። እዚህ በሽቫቤን ምድር ተከራዮች ደረጃውን በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ይጠርጋሉ። ሰሌዳው በር ላይ ሲሰቀል ተራሽ ደርሷል። ከበርሽ ጀምረሽ እስከ ታችኛው ፎቅ ትጠርጊያለሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውያለሽ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ሰሌዳውን ከሚቀጥለው ጎረቤት እጀታ ላይ ታንጠለጥያለሽ። ትልቁ ተራ ሲደርስሽ ደግሞ ግቢው፣ ምድር ቤቱና የእግረኛ መንገዱ፣ በክረምት በረዶውም ይጨመራል። እንግዲህ ሰሌዳው እናንተ መሳቢያ ውስጥ ሲተኛ የስምንት ቤተሰብ ተራ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። የሴትዮዋ ፊት ቢለዋወጥ አልፈርድባትም።

ደረጃው ንጹሕ ቢሆንም ጥረጊው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሲወጣና ሲወርድ እያየሽ ብትሠሪው ደግሞ ከአሥር ሰላምታ ይበልጣል። ይህ ልማድ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1492 የወጣው የሽቱትጋርት የከተማ ሕግ እያንዳንዱ ሰው ቆሻሻውን በየሳምንቱ ከከተማ እንዲያወጣ ያዝዝ ነበር። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሁሉ እንደ ውርደት አየው ነበር፤ አሁን የልጅ ልጆቼን አስጠርጋለሁ።


የበርሊኑ

ሁላችሁም ወረቀትና መጥረጊያ ታወራላችሁ። እውነቱን የሚናገር ይጥፋ? እነርሱ የእግር ኳስ ዋንጫ ሲሆን እስከ እኩለ ሌሊት ይጮኻሉ፣ ርችት ይተኩሳሉ። ጥቁር ቤተሰብ አንድ ሌሊት ሲስቅ ግን ደብዳቤ ይመጣል። እህቴ፣ ይቅርታ የሚባል ነገር አትናገሪ!


እናት በኮሎኝ

ወንድሜ፣ የምትለው ነገር የለም አልልም፤ አለ። ግን መለያውን እንወቅ። ደብዳቤው ቀን፣ ሰዓትና ጫጫታ ከጠቀሰ ስለ ጫጫታ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የባቫርያ ሙዚቃ ቢሆንም ይጻፍ ነበር። «የምግባችሁ ሽታ»፣ «እናንተ ሰዎች» የሚል ቃል ካለበት ወይም ሌላው ተከራይ ያንኑ አድርጎ በዝምታ ከታለፈ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ቀኑን መዝግቢ፣ ምስክር ያዢ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የእኩል አያያዝ ሕግ አለ፤ የቤት ኪራይንም ይመለከታል። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የፌዴራሉ የፀረ መድልዎ ቢሮም ያለ ክፍያ ያማክራል። ከአሁኑ ደብዳቤ ግን ይህን አላነበብሁም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ የኔ እህት። እኛ ዘንድ የተቀየመ ሰው መጀመሪያ የሚነፍገው ሰላምታውን ነው፤ ሰላም ካለሽ ደግሞ ጉዳዩ ሞቷል። ለእኒህ ሰው ሰላምታው ለአንቺ ነው፣ ቅሬታው ለዚያች ሌሊት ነው፤ ሁለቱን ባንድ ቋት አያስገቧቸውም። መጥተው ቢያንኳኩ ይሻል ነበር? ይሻል ነበር፤ ብዙ ጀርመኖችም እንዲሁ ይሉሻል። ግን ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ሰው የሞላበትን ቤት በውድቅት ሌሊት ሊያንኳኩ ቢፈሩ አይገርመኝም።

ሽማግሌ ግን እንዳትልኪ፣ እባክሽ! ነጠላ ያጣፉ ሦስት የማያውቋቸው ሰዎች በራቸው ላይ ቢቆሙ ይደነግጣሉ፤ ነገሩም ከሚገባው በላይ ይገዝፋል። ራስሽ ብቻሽን ሂጂ፤ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ፣ እሑድ ባይሆን። በሩ ላይ ቆመሽ በአጭሩ ተናገሪ፦ ትልቁ በዓላችን ነበር፣ ሰዓቱን አላሰብንም፣ አዝናለሁ። ግቡ ካላሉሽ አትቀየሚ። ወጡን ለሌላ ቀን አቆዪው፤ ትንሽ ኬክ ይበቃል። ከኬኩ የሚበልጠው ስልክ ቁጥርሽ ነው። በወረቀት ጽፈሽ «ከረበሽንዎት በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ» በያቸው፤ የሚቀጥለው ቅሬታ ወደ ድርጅቱ ሳይሄድ ወደ አንቺ ይመጣል። «ችግር የለም» ካሉሽ ነገሩ አልቋል። በየደረጃው ይቅርታውን አትደጋግሚው፤ ይጨንቃቸዋል።

ሌላም ልንገርሽ። ኬኩን አልፈልግም ካሉ «በሞቴ» የለም፤ የእነርሱ «አይ» ባንድ ጊዜ ያበቃል። እርሳቸውም ቡና ልስጥሽ ካሉ፣ እንደ አገራችን ሁለት ጊዜ እንቢ ብለሽ በሦስተኛው ልቀበል ብትዪ ሦስተኛው አይመጣም። እኔ በዚህ ምክንያት ስንት ቤት ተርቤ ወጥቻለሁ።


ጠያቂዋ (ከሽቱትጋርት አቅራቢያ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ሰሌዳውን አውጥቼ ደረጃውን ወለወልሁና ከሴትዮዋ እጀታ ላይ አንጠለጠልሁት፤ ስትወጣ አይታው ሳቀች። ወደ አዛውንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ደብዳቤውን ደግሜ አየሁት፤ ስለ ሽታም ሆነ ስለ ማንነታችን ቃል የለበትም። የክርስትናውን ነገር ግን ማንም አልነካልኝም። 40 ሰው ይመጣል!


ደጋሹ (ሙኒክ)

40 ሰው ካለ ቤት ውስጥ አታድርጉት። አብዛኞቹ የእኛ አጥቢያዎች የሚገለገሉት ከካቶሊክ ወይም ከወንጌላውያን በተዋሱት ሕንፃ ነው፤ እነዚያ ደግሞ በአብዛኛው አዳራሽ አላቸው። በቄሱ በኩል አሁኑኑ ጠይቁ፤ ቶሎ ይያዛል። ስትከራዩ የምትለቁበት ሰዓትና የጽዳቱ ነገር ውሉ ላይ ይጻፋል፤ ቀልድ አይምሰላችሁ።

ቤት ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ፣ የክርስትና ቅዳሴ ጠዋት ስለሆነ ድግሱን ቀን አድርጉት፣ ሰዉን ቀንሱት፣ ቅዳሜ ከሆነ ከእሑድ ይሻላል። አንድ ሳምንት ቀድማችሁ በሕንፃው መግቢያ ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ ቀኑ፣ ምክንያቱ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ስልክ ቁጥር። ወረቀቱ ፈቃድ አይሆንላችሁም፤ ሆኖም አስቀድሞ የተነገረውን ሰው ብዙውን ጊዜ ይታገሣል። የጫማ ክምር ደረጃው ላይ እንዳይታይ፤ የእሳት ማምለጫ መንገድ ነውና ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ያስመጣል። የጭስ ደወሉን ደግሞ እንዳትነቅሉት፤ በሁሉም የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ሕግ ያስገድደዋል። ቡናውን መስኮት ከፍታችሁ ማድ ቤት ቁሉት፣ ዕጣኑንም መስኮቱ አጠገብ አጭሱት። ጭሱ እንዲወጣ ብላችሁ የደረጃውን በር እንዳትከፍቱ፤ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣባችኋል።

ከታች ያሉትን አዛውንት ጥሪያቸው። ግን ለእኛ ሰው የምትነግሪውን ሰዓት አትንገሪያቸው። 7 ሰዓት ካልሽ 7 ሰዓት ላይ ደወሉን ይጫናሉ፤ አንቺ ያኔ ገና ሽንኩርት እየከተፍሽ ነው። ምግቡ በእርግጥ የሚቀርብበትን ሰዓት ጻፊላቸው፣ የሚያበቃበትንም ጨምሪ። ስለ ክትፎው ደግሞ አትስጊ፤ የተፈጨ ጥሬ የአሳማ ሥጋ ከሽንኩርት ጋር ዳቦ ላይ ቀብቶ የሚበላ አገር ጥሬ አይፈራም። ሚጥሚጣውን ግን ለብቻው በትንሽ ሳህን አቅርቢው።