ለአሮጌ ላንድሮቨር የሚስማማው ቴርሞስታት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአባቴ ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ተነቅሎ ስለቀረ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይሞቅም። ሱቅ ውስጥ ባለ 74፣ ባለ 82 እና ባለ 88 ዲግሪ (መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት) አግኝቻለሁ፤ ለአዲስ አበባ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ 88 ለአደጋ የቀረበ ነው። እኔ 82ን እመርጣለሁ።

ሌላ መልስ፦ በ82 እስማማለሁ። ከመግጠምዎ በፊት በክር አንጠልጥለው፣ የድስቱን ግርጌ ሳያስነኩ፣ ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ውስጥ ያሙቁትና መከፈት የሚጀምርበትን ዲግሪ ይመልከቱ፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ባያዩት አይደንግጡ፣ የእኛ ውሃ እዚያ ሳይደርስ ይፈላል። ሲገጥሙ ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዙር፤ የአሮጌው ጋስኬት (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ቅሪትም በደንብ ይፋቅ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ስላገኘሁት እሱንም አብሬ እቀይራለሁ።