ክሪፒንግ ፍሎክሴ መሃሉ ራሰ በራ ሆነ፣ ነቅዬ ልጣለው?

የሜሪላንዷ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከቤቴ ፊት ለፊት ድንጋይ የደረደርኩበት ተዳፋት ላይ ክሪፒንግ ፍሎክስ ተክያለሁ፤ ያ ኤፕሪል ላይ መሬቱን ሮዝ ምንጣፍ የሚያስመስለው አጭሩ አበባ። አምና ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ አብቦ ነበር። ዘንድሮ ዳር ዳሩን ብቻ አበበና መሃሉ ደርቆ ቀረ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያገኛል። አፈሩ ሸክላ ነው፣ ከላይ የእንጨት መልች (አፈሩን የሚሸፍን የእንጨት ስብርባሪ) አለበት፣ የሳሩ ስፕሪንክለርም ይደርሰዋል። ምን ይሻላል?

አፈር ገፊ፦ ኧረ እንዳትነቅይው! ውሃ በዝቶበት ነው። ተክሉ የዚሁ የምሥራቅ አሜሪካ ነው፣ በዱር የሚገኘው ድንጋያማና አሸዋማ ቦታ ላይ ነው። እርጥብ ሸክላ ላይ መልች ስትደርቢበት ግንዱ ከሥሩ ይበሰብሳል። መልቹን አንሺና ጠጠር አልብሺው፣ ስፕሪንክለሩን አዙሪው። ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃ የሚፈልገው ዝናብ ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ብቻ ነው።

የቨርጂኒያው፦ በውሃው እስማማለሁ፣ ግን አበባው ሲረግፍ ቆርጠሽው ታውቂያለሽ? ካልተቆረጠ መሃሉ እንጨት እየሆነ ይሄዳል። አበባው እንዳለቀ በአጥር መቀስ ሲሶውን ያህል ከላይ ከርክሚው። ቅጠል የሌለው እንጨት ድረስ ግን አትውረጂ፣ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ፎል ላይም (ከሴፕቴምበር በኋላ) እንዳትነኪው፣ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ነው የምትቆርጪው።

የሜሪላንዷ፦ መቀስ ነክቶት አያውቅም! ማዳበሪያስ ልጨምርለት?

እትዬ ጓሮ፦ ተይው የኔ እህት፣ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው። ራሰ በራውን እሱ ራሱ ይሸፍንልሻል። ከዳር ያለ ረጅም ቅርንጫፍ ሳትቆርጪ ወደ መሃል ጎትቺ፣ ከሆዱ በኩል ቅጠሉን ትንሽ አራግፊ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር አልብሺና ድንጋይ ጫኚበት። ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ትለይዋለሽ። ለምን ሰው በየዓመቱ አዲስ እንደሚገዛ አይገባኝም። ለብቻው የምትተክዪ ከሆነ ግን 50 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቂው፣ በጣም ይንሰራፋል።

የዴንቨሩ፦ ቅጠሉንም ገልበጥ አድርገሽ እዪው። ቀጭን ድርና ነጠብጣብ ካለው ስፓይደር ማይት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው፣ ሙቀትና ድርቀት ሲበዛ ይመጣል። በጎማ ውሃ ጠንከር አድርገሽ እጠቢው።

የሜሪላንዷ፦ አየሁት፣ ድር የለውም። የጠጠሩ ፍሬ ምን ያህል ትልቅ ይሁን?

አፈር ገፊ፦ ደቃቁ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከሥሩ ፕላስቲክ እንዳታነጥፊ፣ ቅርንጫፎቹ አፈር ካልነኩ ሥር አይሰዱም።