ስበት የሚስብ ከሆነ ጨረቃዋ የቀለበቱን ቅንጣቶች ስለምን ታርቃለች?

ጥያቄ፦
የሳተርን ቀለበቶች ከሩቅ ሲታዩ ወጥ ዝርግ ይመስላሉ፤ የቮዬጀር መንኮራኩሮች እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 የላኳቸው ምስሎች ግን እጅግ ብዙ ቀጫጭን መስመሮችንና ክፍተቶችን አሳይተዋል። ከክፍተቶቹ አንዱን፣ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ኪለር የተባለውን፣ የከፈተችው ዳፍኒስ የምትባል ወርዷ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ጨረቃ መሆኗን አነበብኩ። ስበት የሚገፋ ኃይል ካልሆነ፣ በዙሪያዋ ያለውን በረዶ መሰብሰብ ሲገባት እንዴት ልታርቀው ቻለች?

መልስ 1፦
ምክንያቱ ሬዞናንስ፣ ማለትም የሁለት አካላት የዙር ጊዜ በቀላል ቁጥር መመጣጠኑ፣ ይመስለኛል። ቢ በተባለው ሰፊ የሳተርን ቀለበት የውጭ ጠርዝ ያለ ቅንጣት ሳተርንን ሁለት ጊዜ ሲዞር ማይመስ የተባለችው ጨረቃ አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ስለዚህ ጉተታዋ በየዙሩ ተደጋግሞ እየተጠራቀመ ምህዋሩን ያዛባል። የካሲኒ ክፍተት የተባለው ሰፊ ክፍተትም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

መልስ 2፦
ይህ ለማይመስ ትክክል ነው፤ ዳፍኒስ ግን የምትዞረው በክፍተቱ ውስጥ ስለሆነ የእርስዎን ጥያቄ አይመልስም። ከእርሷ ይልቅ ለሳተርን የቀረበ ቅንጣት ፈጥኖ ስለሚዞር ከኋላዋ መጥቶ ይቀድማታል። ሲደርስባት ወደ ፊት፣ ካለፋት በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ ትስበዋለች። ነገር ግን በማለፉ ሂደት መንገዱ ወደ እርሷ ስለተጠጋ፣ የኋለኛው ጉተታ ከፊተኛው ይበረታል፤ ቅንጣቱም ጥቂት ጉልበት አጥቶ ወደ ሳተርን ይወርዳል። ከእርሷ ውጭ ባለው ወገን ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ ቅንጣቱ ጉልበት አግኝቶ ከሳተርን ይርቃል። ይህ የጉልበት ለውጥ ጸንቶ የሚቀረው ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተጋጩ የምህዋራቸው መዛባት ስለሚረግብ ነው፤ ግጭቱን የሚዘነጉ ማብራሪያዎች ስለሚበዙ ነው ይህን ማንሳቴ። የካሲኒ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2009 ፀሐይ ቀለበቶቹን በአግድም ስታበራ በክፍተቱ ጠርዝ ላይ የተነሡ ሞገዶች ጥላቸውን ሲጥሉ አንሥታለች፤ ቀለበቱ ራሱ 10 ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ሲኖረው ሞገዶቹ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ግልጽ ሆነልኝ። ታዲያ መስመሮቹ ሁሉ የጨረቃ ሥራ ናቸው ማለት ነው?

መልስ 2፦
አይደሉም። ቅንጣቶቹ በታጨቁበት ስፍራ የግጭታቸው ጠባይ ብቻውን ጨረቃ ሳያስፈልግ በመካከላቸው ከመቶ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ያላቸው ሸንተረሮችን ይፈጥራል። ሲ በተባለው፣ ከቢ ወደ ውስጥ ባለው ቀለበት ደግሞ አንዳንዶቹ ሞገዶች የሚመነጩት ከሳተርን የውስጥ ንዝረት ሲሆን፣ ተመራማሪዎች እነርሱን ተንተርሰው የፕላኔቷ አንድ ቀን 10 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑን አስልተዋል።