«የጆንያ ቁልል ላይ መውጣት አይችሉም» ተብዬ የሒሳብ ሥራ ተነፈግሁ፤ ምን ማድረግ ይገባኛል?

ጥያቄ፦ ሒሳብ ሠራተኛዋ (ጅማ)

ለተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ጎድቶት ስለቀረ በክራንች እየተደገፍሁ የምሄድ፣ በሒሳብ አያያዝ በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቅሁና ሦስት ዓመት በአንድ አነስተኛ ማኅበር መዝገብ ስይዝ የቆየሁ የጅማ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ወር ቡና ገዝቶ የሚያዘጋጅ አንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቶ ስለነበር ተመዘገብሁ። በማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «ሙሉ ጤንነት ያለው/ያላት» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ እኔ ጤነኛ ስለሆንሁ ሐረጉ እኔን ለማስቀረት ሊያገለግል ይችላል የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም።

በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ መውጣቴ በሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ቃለ መጠይቁ የተካሄደው ግን ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ጭቃና ውኃ ይዞ ስለሚገባ የደረጃው ሴራሚክ ረጥቦ የክራንቼ ጎማ በየደረጃው ይንሸራተት ስለነበር፣ አንድ እጄን ለክራንቹ ሌላውን ለመደገፊያው ብረት ሰጥቼ፣ ፋይሌን በጥርሴ ነክሼ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሒሳብ አልነበረም፤ «ደረጃውን እንዴት ወጡት?» የሚል ነበር። ቀጥሎም በየወሩ መጨረሻ የመጋዘን ቆጠራ ስለሚኖር ሒሳብ ሠራተኛው የቡና ጆንያ ቁልል ላይ መውጣት ግድ እንደሚሆንበት፣ እኔ ብወድቅ ደግሞ ድርጅቱ ተጠያቂ እንደሚሆን ነገሩኝ። «ለእርስዎ አዝነን እንጂ ጠልተንዎት አይደለም» አሉኝ። በሳምንቱ የተቀጠረው በጽሑፍ ፈተናው ሦስተኛ የወጣው ተወዳዳሪ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ አድልዎ በሕግ የሚያስጠይቅ ነውን? ብከስስስ፣ ወሬ ከሰው ቀድሞ በሚደርስበት በዚህ ከተማ ሌላ ቀጣሪ አገኛለሁን?

መልስ 1፦ ጠበቃው

የምሠራው እዚሁ ጅማ ነው። ሰነዶቹን ሳላይ ቁርጥ ያለ አስተያየት መስጠት ባይገባኝም፣ የጻፉት እውነት ከሆነ አቤቱታዎ መሠረት አለው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 101/1986 ተክቶ የወጣ ሲሆን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚተዳደሩ ድርጅቶችንም ይገዛል። የሥራው ጠባይ ካላስገደደ በቀር የአካል ጉዳተኛን እኩል ዕድል የሚያጣብብ የመምረጫ መስፈርት አድልዎ ነው፤ ሠራተኛው ሥራውን እንዲያከናውን የሚያስችል ተመጣጣኝ ማመቻቸት አለማድረግም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው አንድ ነጥብ አለ፤ አካል ጉዳተኛ በሥራ ምልመላ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ሲከስ፣ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በአሠሪው ላይ ነው። ብዙ ሰው ማስረጃ የለኝም ብሎ ቤቱ የሚቀረው ይህን ባለማወቅ ነው።

እንዲያም ሆኖ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የማስታወቂያውንና የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ ያስቀምጡ፤ የጽሑፍ ፈተናውና የቃለ መጠይቁ ነጥብ ተለይቶ እንዲገለጽልዎ በደብዳቤ ይጠይቁና ቅጂዎ ላይ ተቀባዩ ይፈርምበት። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱ በዚያው ቋንቋ ይዘጋጃል። የጠበቃ ክፍያ የሚከብድዎ ከሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በጅማ ጽሕፈት ቤት ስላለው አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። የደረጃው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የሕንፃ ሕጉ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል።

መልስ 2፦ የመጋዘን ሒሳብ

ሕጉን ለባለሙያው ልተውና እኔ ስለ ቁልሉ ልናገር፤ በቡና መጋዘን ሒሳብ ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የወር መጨረሻ ቆጠራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ያንን ምክንያት አያቀርብም። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ በመስመር ይደረደራል፤ ቆጣሪው መሬት ላይ ቆሞ በርዝመት ስንት፣ በወርድ ስንት፣ ወደ ላይ ስንት ብሎ ያባዛል። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀው ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ የሚሞላ በመሆኑ የጆንያው ቁጥር ከታወቀ ክብደቱ ወዲያው ይታወቃል። የላይኛው ድርድር ጎደሎ ሲሆን ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ወጥቶ ቁጥሩን ይጠራል፣ መጋዘን ያዡ ያረጋግጣል፣ ሒሳብ ሠራተኛው ይጽፋል፤ ሦስቱም ይፈርማሉ። እንዲያውም ቆጣሪና ጸሐፊ የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ለማጭበርበር ያስቸግራል። እኔ በእነዚህ ዓመታት ቁልል ላይ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ አንደኛው የወለደች ድመት ለማውረድ ነበር።

መልስ 3፦ አሠሪ

እኔ አነስተኛ ድርጅት አለኝ፤ ነገሩን ከሌላው ወገን ማየትም ያስፈልጋል። ሠራተኛ ሲጎዳ ካሳው በአሠሪው ላይ ነው የሚወድቀው፤ የተከራየነውን ሕንፃ አፍርሰን ሊፍት መሥራት አንችልም። ፍርሃት ሁሉ ጥላቻ ተደርጎ መታየት የለበትም እላለሁ።

መልስ 4፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ሦስተኛውን መልስ የሰጠው ወንድሜ የጻፈውን ኮምፒውተሬ አንብቦልኝ ሰማሁት፤ ፍርሃቱንም አልንቅበትም። ሆኖም ሊፍት ሥራልኝ ያለው ማነው? ቃለ መጠይቁን ምድር ቤት ማድረግ፣ ጠረጴዛዋን ምድር ቤት ማስቀመጥ አንዲት ብር አይጠይቅም። ጫኝ ከቁልል ላይ ቢወድቅ ካሳ የለም ወይ? ለእርሱ ግን አዝኖ «አትቀጠር» ያለው ሰው የለም።

እኔ ወደ ማስተማር ከመግባቴ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ቀጥሮኝ ነበር። «ቀጥረናል» ለማለት ቀጠሩኝ እንጂ ሥራ አልሰጡኝም፤ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጠዋት ገብቼ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የባልደረቦቼን የጽሕፈት መኪና ድምፅ ስሰማ ውዬ፣ ማታ እመለሳለሁ። ደመወዙ አልተቋረጠም፤ እኔ ግን በየወሩ ስፈርም እጄ ያፍር ነበር። ኋላ አለቃው ደግ ሰው ሆኖ የስልክ ኦፕሬተር አደረገኝ፤ ያኔ ለእኛ የታሰበልን ትልቁ ሥራ ያ ነበር። ዛሬ ኤንቪዲኤ የሚባለው፣ በኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ኢስፒክ በተባለው ድምፅ አማርኛም ኦሮምኛም ያነባል፤ ስለዚህ «መሣሪያ የለንም» የሚለው ምክንያት ጊዜው አልፎበታል።

ይህን የምነግርሽ ቢቀጥሩሽም ነገሩ በዚያ እንደማያበቃ እንድታውቂ ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ በደሉን ብቻ አትጻፊ፤ ምን ቢመቻችልሽ ሥራውን እንደምትሠሪ ቁልጭ አድርገሽ አስቀምጪ። ያኔ ሊመልሱልሽ የሚገባው ነገር እግርሽ መሆኑ ቀርቶ ጠረጴዛው የት ይቀመጥ የሚለው ይሆናል። ስለ ስምሽ የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ ከሳሽ ተብሎ መታወቅ እውነትም ዋጋ ያስከፍላል፤ አያስከፍልም ብዬ አልዋሽሽም። ክሱን ከመጀመርሽ በፊት ደብዳቤውን ሞክሪ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ አሠሪውንም ጭምር፣ ምክንያቱም በሌሎች ልብ ያለውን በግልጽ ጽፈውልኛል። ደብዳቤውን ትናንት አስገባሁ። የፈተናው ነጥብ ተለይቶ እንዲነገረኝ ጠይቄ፣ ቆጠራው «የመጋዘን ሒሳብ» የተባሉት መልስ ሰጪ እንደገለጹት መሬት ላይ ቆሞ የሚሠራ መሆኑን በሦስት መስመር አስረዳሁ፤ ምድር ቤት የሚገኝ ጠረጴዛ እንደሚበቃኝም አከልሁበት። ደረጃውን አልወጣሁም። ዘበኛው ስልክ ደውሎልኝ ጸሐፊዋ ወረደች፤ ደብዳቤውን በሩ ላይ ቆማ አንብባ፣ ቅጂዬ ላይ ፈርማ ቀን ጻፈችበት። ማኅተሙ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ እርሱን ይዛልኝ ተመልሳ ወረደች። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡኝ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ እሄዳለሁ፤ ጠበቃው፣ ያን ጊዜ ይዤ የምሄደው የሰነድ ዝርዝር ካለ አስቀድመው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።