ሾትገን ይዞ ከሲያትል እስከ ዴናሊ

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። በሐምሌ ከጓደኛዬ ጋር በካናዳ አቋርጠን በመኪና አላስካ ልንሄድ ነው። አላስካ ባለው የዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድንኳን ተሸክመን አምስት ቀን በእግር እንጓዛለን። ድብ ስለምፈራ ሾትገኔን ልይዝ አስቤያለሁ። ስሜን ተራራ ስንወጣ ጠመንጃውን የሚሸከመው ስካውቱ፣ የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ ነበር፤ እኔ ምን ጨነቀኝ! አሁን ግን ጣጣው የራሴ ሆነ። ግሪን ካርድ አለኝ። ያስቸግረኛል?

መልስ 1፦ ግሪን ካርዱ ብቻውን መሣሪያ ከመያዝ አያግድህም። ጣጣው ድንበሩ ላይ ነው። ተራ የአደን ሾትገን ካናዳ ይገባል፤ ሽጉጥ ግን እንዳታስበው። ካናዳ ነዋሪ ያልሆነ ሰው መሣሪያውን የሚያሳውቅበትን ቅጽ 5589ን ሞልተህ ሂድ፤ ፊርማው የድንበሩ መኮንን ፊት ነው። እኔ ቤቴ ፈርሜ ሄጄ እንደ አዲስ ሙላ ተባልኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሲገላምጠኝ! 25 የካናዳ ዶላር ትከፍላለህ፣ ለ60 ቀን ያገለግላል። መመለሻህም በዚያው ከሆነ ቀኑን ቁጠር። መንገድ ላይ ጥይት እንዳይጎርስ። ለምሳ ስትወርዱም ቆልፋችሁ ከዓይን ሰውሩት።

መልስ 2፦ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መሣሪያ መያዝ የሚዳኘው በክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው፤ አላስካ ደግሞ ለቀቅ ያለ ነው። የጎብኚዎች ማዕከል ግን የፌዴራል ሕንፃ ስለሆነ ይዘህ አትገባም። መያዝ ተፈቀደ ማለት ደግሞ መተኮስ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ለእኔ ግን የድብ ስፕሬይ (ድብ ላይ የሚረጭ፣ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል) ይበቃል። ሦስት ኪሎ ብረት አምስት ቀን ተሸክመህ እየው እስቲ!

ጠያቂ፦ ስፕሬዩስ ካናዳ ይገባል?

መልስ 2፦ ለእንስሳ መከላከያ መሆኑ ጣሳው ላይ ከተጻፈ አዎ። ለሰው የተሠራውን ይወስዱብሃል።